መታወቂያዬ ዊንዶውስ ሰቨን ላይ ነው

ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ዘወትር የምሄድበት አንድ ኮፒ ቤት አለ። በቅርቡ የመታወቂያ ኮፒ ፈልጌ ሄድኩ። መታወቂያዬ ራሱ ለእድሳት ቀበሌ ገብቷል፤ ጉዳይ ያለኝ ቢሮ ደግሞ ያለ ኮፒ አናስተናግድም ብሎኛል። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «አምና እኛ ጋ ስካን አስደርገሽ የለ እንዴ?» አለችኝ። ስሜን መጻፍ ጀመረች። ገና ሁለተኛው ፊደል ላይ ፎቶዬ፣ የአባቴ ስም፣ የቤት ቁጥሬ፣ ሁሉም ስክሪኑ ላይ ድቅን አሉ።

ደስ አለኝ። ከመመላለስ ተገላገልኩ። ሒሳብ ከፍዬ ልወጣ ስል ነው ዓይኔ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ያረፈው። ግራ ጥግ ላይ ያቺ ክብ፣ ባለ አራት ቀለም ምልክት። ዊንዶውስ ሰቨን። ፎልደሩም እንደተከፈተ ነበር፦ የሰው የቤት ካርታ፣ የሰው ዲግሪ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ በስም በስም። የሰፈሩ ሰው ግማሹ እዚያ ተደርድሯል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልለቀቀኝም። የምተዳደረው ኮምፒዩተር እየጠገንኩ ባይሆንም ሥራዬ ከኮምፒዩተር ጋር ነውና የስርዓቱን ዕድሜ አውቀዋለሁ። ዊንዶውስ ሰቨን የወጣው ጥቅምት 2002 ነው፤ የመጨረሻውን ነጻ የደኅንነት አፕዴት ያገኘው ጥር 5 ቀን 2012። ገንዘብ ከፍለው ያስረዘሙ ትልልቅ ድርጅቶችም ቢሆኑ ጥር 2015 ላይ አብቅቶላቸዋል። ሌላ ቦታ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ምንም አልመሰለኝም። የራሴ ፊት ላዩ ላይ ሲታይ ግን ሌላ ነው።

«ምን ይነካዋል?»

ደንበኛ የሚቀዘቅዝበትን ሰዓት ጠብቄ ተመልሼ ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው፤ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ነገሩን በቀስታ አነሳሁላቸው። ሳቁብኝ።

«ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ነው የኔ ልጅ። እነዚያ አዳዲሶቹ ናቸው የሚያስቸግሩኝ። እሱ አንድ ቀን ቀጥ ብሎብኝ አያውቅም። ምን ይነካዋል?»

ይህን ሲሉ ከኋላቸው ያለውን ታሪክ ስለማውቅ ቶሎ መልስ አልሰጠሁም። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤቱን ቆልፈው ወጡ። ሲመለሱ ያገኙት ጠረጴዛውን ነው። ኮምፒዩተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ላሚኔሽን ማሽኑ፣ ሌላው ቀርቶ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ገመድ እንኳን የለም። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ባንድ፣ ያገለገለ ያገለገለውን ከአዲስ አበባ እያስመጡ የሞሉት። አሁን ያሏቸው ሦስቱ ኮምፒዩተሮች ፕሮሰሰራቸው ከስምንተኛው ትውልድ ኢንቴል በታች ስለሆነ ዊንዶውስ 11 በደንቡ አይቀበላቸውም። እንግዲህ ለእኚህ ሴት «አዲስ ይግዙ» ማለት ምን ዓይነት ምክር ነው? የሚያስቀይም ምክር ነው።

የጥያቄያቸው ከባድነት ደግሞ እውነት መሆኑ ላይ ነው። አፕዴት ያልተደረገ ኮምፒዩተር አይታመምም። አይንቀራፈፍም፣ አይጮህም፣ ስክሪኑ አይጨልምም። እንዲያውም አፕዴት የሚደረገው ነው በጠዋት «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ ደንበኛ የሚያስቆም። ተጠንቃቂው ሲንገላታ፣ ግድ የለሹ በሰላም ያድራል። እስከ አንድ ቀን ድረስ።

ያን አንድ ቀን ዓለም በደንብ ያየው ግንቦት 4 ቀን 2009 ነው። ዋናክራይ የተባለው ትል፣ ራሱን እያባዛ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚዛመት ፕሮግራም፣ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የጠየቀበት ቀን። ትሉ የተጠቀመበት ቀዳዳ፣ ማለትም የአሠራር ስህተት፣ ዊንዶውስ ፋይልና ፕሪንተር በኔትወርክ ለመጋራት በሚጠቀምበት አሮጌ አሠራር ውስጥ የነበረ ነው። ቀዳዳውን የሚከፍተው መሣሪያ ከአሜሪካው የስለላ ተቋም ኤንኤስኤ ሾልኮ የወጣ ነበር። ማንም ምንም መክፈት፣ ምንም መጫን አልነበረበትም። አንዱ ኮምፒዩተር ከተያዘ፣ በዚያው ኔትወርክ ያለው ጎረቤቱ ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ይያዛል። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው በሽተኛ መለሱ። ከ150 በላይ አገሮች ተነኩ። የሚያስገርመኝ ግን መድፈኛው፣ ቀዳዳውን የሚዘጋው አፕዴት፣ ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ መጋቢት 5 ላይ ወጥቶ መቀመጡ ነው። ከተመቱት አብዛኞቹ ደግሞ ዊንዶውስ ሰቨን ነበሩ፤ ያኔ ገና የደኅንነት አፕዴት የሚያገኝ ስርዓት። መድፈኛው ነበረ፤ የሚጭነው ጠፋ።

ለእትዬ ይህን ሁሉ አላወራሁላቸውም። ሦስቱ ኮምፒዩተሮች በአንድ ራውተር ተሳስረው አንዱን ፕሪንተር እንደሚጋሩ ግን አየሁ። የዋናክራይ በር ማለት እሱው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እሱን ነው። መድፈኛ ሲወጣ ቀዳዳውም አብሮ ይታወቃል። ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ አፕዴት ሲለቅ፣ ያልተደፈነውንና የተደፈነውን ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱን የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። የዊንዶውስ ሰቨን ብዙው አካል ለዊንዶውስ 10ም ተርፏል። ስለዚህ ለ10 በሚወጣው መድፈኛ ውስጥ፣ ለሰቨን ከእንግዲህ የማይደፈን ቀዳዳ አድራሻው ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። «ማን እኔን ብሎ ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ፋይዳ የለውም። የሚመጣው ሰው አይደለም። በር እየቆረቆረ የሚዞር ፕሮግራም ነው፤ ደሴ ይሁን ሎንዶን አያውቅም።

ያጠፋው ሰውዬ

እትዬ በመጨረሻ «እንግዲያው ልጁን ልጥራልሽ፣ ከሱ ጋር ተነጋገሩ» አሉ። ልጁ ማለት ቴክኒሻኑ ነው። የሰፈሩን ኮምፒዩተር ሁሉ ፎርማት የሚያደርገው እሱ ነው። ኮፒ ቤቱን፣ ፎቶ ቤቱን፣ ፋርማሲውን፣ የሁለት ሦስት ጠበቆች ቢሮ። ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ሴቲንጉን ከፍቼ አሳየሁት። አውቶማቲክ አፕዴት ጠፍቷል። ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ እንዳይነሳ ሰርቪሱ ራሱ ታስሯል።

«ይሄን ማን አጠፋው?»

«እኔ» አለ። ምንም አላፈረም።

«ለምን?»

«አብሽሪ እህቴ፣ ቁጭ በይ ልንገርሽ።»

ተቀመጥኩ። ድሮ አያጠፋም ነበር። አንዲት ደንበኛ የወር ፓኬጅ ገዝታ በሦስተኛው ቀን አለቀባት። ደውላ «ካርዴን በላኸው» አለችው። አላመነችውም፤ ዛሬም ድረስ ስታየው ፊቷን ታዞራለች። ሌላው ቦታ አፕዴቱ መሐል ላይ እያለ መብራት ሄደ። በማግስቱ ኮምፒዩተሩ አልነሳ አለ። ባለቤቱ «አንተ የነካካኸው ነው» ብሎ በነጻ አሠራው። ሌላ ቦታ ደግሞ ከአፕዴት በኋላ የቆየው ፎቶ ኮፒ ማሽን ከኮምፒዩተሩ ጋር አልግባባ አለ፤ ማሽኑ ደግሞ አዲስ ድራይቨር፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ የለውም። ከዚህ ሁሉ ላይ ክራኩ፣ ያልተገዛ ዊንዶውስ እንደተገዛ ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርገው ፕሮግራም፣ አለ። ጀርባው ጠቁሮ «ይህ ዊንዶውስ ሕጋዊ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ የሚጠራው እሱ ነው።

ከዚያ ቀጥ ብሎ አየኝና እንዲህ አለኝ፦

«አጥፍቼ ስሰጥ ማንም አይደውልልኝም። ሳላጠፋ ስሰጥ ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ይጮሃል። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ። ስለ ዋናክራይ፣ ስለ ሆስፒታሎቹ፣ ስለ ማክሰኞው። አንዱም ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አልነበረም። እሱ ስለ ቀዳዳ አይደለም የጠየቀኝ። ማን ይከፍላል ነው ያለኝ። ዳታውን፣ የመብራቱን አደጋ፣ የደንበኛውን ቁጣ፣ በነጻ የሚሠራውን ድጋሚ ሥራ፣ ሁሉንም የሚሸከመው እሱ ነው። ጥቅሙስ? ጥቅሙ የማይታይ ነው። ምንም ያልተፈጠረበት ቀን ነው። ምንም ላልተፈጠረበት ቀን ማን ብር ይከፍላል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥሩ አለማወቅ ይመስለኝ ነበር። ሰው ስለማያውቅ ነው፣ ቢነገረው ያደርጋል፣ እያልኩ። ይህ ልጅ ግን ከእኔ በላይ ያውቃል። አውቆ፣ አስቦ፣ አስልቶ ነው ያጠፋው። ስሌቱ ደግሞ ትክክል ነው፤ ለእሱ። እትዬም ስሌታቸው ትክክል ነው፤ ለእሳቸው። በሁለቱ ስምምነት ውስጥ ያልገባ ሦስተኛ ሰው ግን አለ። መታወቂያው እዚያ የተቀመጠው። እኔ፣ የቤት ካርታው ባለቤት፣ ልደታቸው ስካን የተደረገ ሕጻናት። እኛ ኮምፒዩተሩን አልገዛንም፣ ፎርማት አላስደረግንም፣ አፕዴት ይጥፋ ይብራ ማንም አልጠየቀንም። ቢሰረቅ የሚሰረቀው ግን የእኛ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የምንለው ቢያንስ ጅቡ መምጣቱ ስለሚታወቅ ነው። የተቀዳ ፋይል ግን ከቦታው አይጎድልም። አንድ ቀን በስሜ ሲም ካርድ ቢወጣ፣ በፎቶዬ የሆነ አካውንት ቢከፈት፣ ነገሩን ማን ወደዚህ ጠረጴዛ ይመልሰዋል? እትዬ አይሰሙም፤ ልጁም አይደወልለትም። ስሌቱ እንደተስተካከለ ይቀጥላል።

ኢንተርኔቱን ብነቅለውስ?

ልጁ ዝም ስል አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ካስጨነቀሽ ኢንተርኔቱን ልንቀለው» አለ። ግማሹ ልክ ነው። ግማሹን ደግሞ ወሎ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ነሐሴ 2015 ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት እንደጠፋ ሲቆይ፣ ፋይል መዘዋወሩን መቼ ተወ? ፍላሽ ተተካ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ጥናቱን፣ የቢሮው ሠራተኛ ሪፖርቱን፣ ሙሽራው ቪዲዮውን በፍላሽ ይዞ ነበር የሚዞረው። ኮፒ ቤት ደግሞ የሁሉም ፍላሽ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ጠዋት አንዱ የሰካበት ቀዳዳ ላይ ከሰዓት ሌላው ይሰካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን ብናይ ጥሩ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ያ ሾርትከት ቫይረስ፣ ፎልደሮችን ደብቆ በስማቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው፣ በአብዛኛው የስርዓቱን ቀዳዳ አይፈልግም። የሚጠብቀው ሰው እስኪጫነው ነው። አፕዴት ብቻውን ከሱ አያድንም። በ2002 ክረምት ላይ የታወቀው የሾርትከት ቀዳዳ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ፎልደሩን ከፍቶ ምልክቱን ማየት ብቻ ይበቃው ነበር። ስተክስኔት የተባለው የኢራንን የኒውክሌር ጣቢያ የመታ ትል የተዛመተው በዚያ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበት ጭምር፣ በፍላሽ። ለእሱ መድፈኛ ወጥቶለታል። ፎርማት ከተደረገ ወዲህ አንድም አፕዴት ያላየ ሰቨን ላይ ግን ያ ቀዳዳ ዛሬም ክፍት ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት መንቀል ያረጀ ቀዳዳ አይደፍንም።

ክራኩንም ላንሳው፤ ዋናው የፍርሃት ምንጭ እሱ ነውና። በ2002 ማይክሮሶፍት ለሰቨን ሕጋዊ ያልሆኑ ኮፒዎችን የሚለይ አፕዴት ለቆ ነበር። ቁጥሩ ኬቢ 971033 ነው። «አፕዴት ካደረግክ ይያዝብሃል» የሚለው ወሬ ከዚያ ጊዜ የቀረ ይመስለኛል። ነገር ግን የደኅንነት መድፈኛዎቹ ሕጋዊ ላልሆነውም ሲሰጡ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሰው አፕዴትን ፈርቶ ክራክን ማመኑ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም፣ ያውም አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ ብሎ የሚገባ። ባለፉት ዓመታት የግለሰቦችን ፋይል በገፍ ከቆለፉት አንዱ፣ ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው፣ በዋነኛነት የተዛመተው በክራክ ውስጥ ተደብቆ ነው።

የተደረገው

ሁለታችንም ከኩራታችን ወረድ ብለን ሥራ ጀመርን። ጥያቄው «አፕዴት ይሁን አይሁን» ሳይሆን «የሱን ወጪ እንዴት እንቀንሰው» ሆነ።

ከሁሉ በፊት የስካን ፎልደሩ። ይህ አንድ ሜጋባይት አይጠይቅም። የሌለ ፋይል አይሰረቅም። እትዬ ግን እዚህ ላይ አጥብቀው ተከራከሩኝ። «ሰዉ እኮ ተመልሶ ይመጣል የኔ ልጅ፤ አንቺስ መጥተሽ አልነበር?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ባለቤቱ «አስቀምጡልኝ» ካላለ ማታ ይሰረዛል፤ ካለ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይዛወራል፣ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ልጅቷ ማታ ማታ ትረሳው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እስካሁን አልረሳችም።

ሰቨኑን አላነሳነውም። ስካነሩ ከሱ በቀር ከማንም አይግባባም፣ የቆየው የአማርኛ መጻፊያ፣ ፓወር ግእዝም የተጫነው እሱ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ይህ የኮፒ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ ያለ የሒሳብ ባለሙያ ወዳጄ ፒችትሪ 2010 ለሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ሲል ዊንዶውሱን የሚነካበት ሰው አይወድም፤ የስንት ዓመት ሒሳብ እዚያ ውስጥ ነውና አልፈርድበትም። ስለዚህ ሰቨኑን ከኔትወርኩ ነቀልነው። የፋይል መጋሪያውን አሮጌ አሠራር፣ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን፣ ዘጋነው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ያለውን መድፈኛ በፍላሽ ሰጠነው።

ይህን በፍላሽ መስጠት የሚቻል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ አፕዴት በቁጥሩ ተፈልጎ እንደ ተራ ፋይል ይወርዳል። ለሰቨን መጀመሪያ ሰርቪስ ፓክ 1 የሚባለው ትልቅ የአፕዴት ጥቅል መኖር አለበት። ቀጥሎ ኬቢ 4490628 እና ኬቢ 4474419። እነዚህ ሁለቱ ካልገቡ ከ2011 ክረምት ወዲህ የወጡትን አይቀበልም፤ ፊርማቸው በአዲስ ዘዴ ስለሆነ አያምናቸውም። ከዚያ የጥር 2012ቱ ጥቅል፣ ኬቢ 4534310። ጥቅሉ ከ2009 መጀመሪያ ጀምሮ የወጡትን የየወሩን መድፈኛዎች አጠቃልሎ የያዘ ነው፤ የዋናክራዩም እዚያ ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት የነበረውን ደግሞ በ2008 የወጣ ሌላ ጥቅል አብዛኛውን ይሸፍናል። ልጁ አንዴ አውርዶ ፍላሹ ላይ አስቀመጠው። አሁን ማንኛውም ቤት ሄዶ ያለ አንድ ሳንቲም ዳታ ይጭነዋል። ይህ ሰቨኑን አዲስ አያደርገውም፤ ከ2012 ወዲህ የተገኙት ቀዳዳዎች እንዳሉ ናቸው። ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ከነበረበት ግን እጅግ ይሻላል።

ብራውዘርን በተመለከተ፣ ክሮም ሰቨንን የተወው በ109ኛው እትም ነው። ፋየርፎክስ 115 የተባለውን እትሙን ለእነዚህ አሮጌዎች ብሎ ከዚያ በኋላም ሲያድስ ቆይቷል። አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ኢንተርኔት መክፈት ግድ የሆነበት ሰው ቢያንስ እሱን ይያዝ።

የሰው ፍላሽና ቴሌግራም የሚቀበለው ኮምፒዩተር ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሌላ ስርዓት ጫንን። ነጻ ነው፣ ክራክ አይፈልግም፣ አፕዴቱ አልተቋረጠም፣ 4 ጊጋ ራም ላይ እንደልቡ ይሠራል። የዊንዶውሱ ሾርትከት ቫይረስ እዚያ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም። ፍላሹ ሲከፈት ራቁቱን ይታያል፣ ሰርዞ መመለስ ነው። ልጅቷ የመጀመሪያውን ሰሞን ደስ አላላትም። አማርኛ መጻፊያው ተገኘ፣ ደንበኛ የሚያመጣው ፋይል ግን በኒያላና በፓወር ግእዝ ፎንት የተጻፈ ስለሆነ መስመሩ እየተዛባ፣ አንድ ገጽ የነበረው ማመልከቻ ሁለት ገጽ እየሆነ አስቸገራት። ፎንቶቹን ስንጭን አብዛኛው ተስተካከለ፤ ሠንጠረዥ የበዛበት ፋይል ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ይበታተናል። እሱን ወደ ሦስተኛው ኮምፒዩተር ወስዳ ነው የምታወጣው።

ሦስተኛው ዊንዶውስ 10 ነው። ይህኛው ነው ያስገረመን። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ስለሆነ ከፋብሪካው ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ይዞ የወጣ ነው፤ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። አምጪው ነጋዴ ይሁን ማን፣ ያንን አጥፍቶ በክራክ ተክቶታል። ያንኑ ዓይነት ንጹሑን ዊንዶውስ ስንጭንለት፣ ኢንተርኔት እንዳገኘ ያለ ማንም እርዳታ ራሱ ሕጋዊ ሆነ። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። «ስንቱን ሕጋዊ ኮምፒዩተር በእጄ ሕገ ወጥ አደረግኩት ማለት ነው?» አለ።

ለዳታው ደግሞ ኔትወርኩን ልክ ያለው፣ ዊንዶውሱ ሜተርድ የሚለው፣ አድርገን መዘገብነው። እንዲህ ሲሆን ብዙውን ነገር ሳይጠይቅ አያወርድም። አፕዴቱን ልጅቷ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝና መብራት መኖሩ ሲታይ በእጇ ታስነሳዋለች። ከአንድ በላይ ዊንዶውስ 10 ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚል ማስተካከያ አለ። አንዱ ያወረደውን ሌላው ከሱ ይወስዳል፣ ለአንድ አፕዴት ሁለት ጊዜ ካርድ አይበላም። ፋርማሲው ውስጥ ልጁ ይህን አስተካክሎ የሰጠው በዚያው ሳምንት ነው።

የቀረው

ዊንዶውስ 10 ራሱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ መደበኛ ድጋፉን ጨርሷል። ለግለሰብ የተሰጠው ማራዘሚያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ይሄዳል፤ ሕጋዊ ለሆነ ኮምፒዩተር፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ለገባ። 30 ዶላር መክፈል አንዱ መንገድ ነው። የውጭ ካርድ ለሌለው ደግሞ ሴቲንጉን ከአካውንቱ ጋር በማመሳሰል በነጻ መመዝገብ ይቻላል። እትዬን አስመዝግበናቸዋል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምናደርግ አልወሰንንም። ልጁ አሁን ሚንት ሚንት ማለት ጀምሯል። እትዬ ደግሞ «ፕሪንተሩ እንደ ልማዱ ማውጣቱን መጀመሪያ አሳዩኝ» ብለዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፕሪንተሩ ካልሠራ ቤቱ ቤት አይደለም።

በአንድ ጉዳይ ግን እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው። ልጁ በየወሩ እየመጣ አፕዴቱን ሊያይላቸው ፈልጓል፣ በትንሽ ክፍያ። እትዬ ለሥራው መክፈል አልጠሉም። «ዳታውን ግን አንተ ትችላለህ» አሉት። እሱ ደግሞ «እንዴት እትዬ፣ ከኪሴ?» አለ። ፎቶ ቤቱና ፋርማሲው አብረው ቢያዋጡና አንዱ ጋ ወርዶ ለሦስቱም በፍላሽ ቢዳረስስ አልኳቸው። ፎቶ ቤቱ እሺ ብሏል። ፋርማሲው ስንት ጊጋ እንደሚሆን ይነገረኝ ብሎ እየጠበቀ ነው፤ እሱን ደግሞ ልጁ የሚቀጥለው ሁለተኛ ማክሰኞ ካለፈ በኋላ ነው የሚነግረው።